ግቢ ሳይቆፈር የፍሳሽ ቱቦ ስለ መጠገን

ንጹሕ ውሃ ወደ ቤት ሲገባ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። የገባው ውሃ ግን መውጣት አለበት። ዕቃ ታጥቦበት፣ ልብስ ታጥቦበት፣ ገላ ታጥቦበት፣ መጸዳጃ ቤት ተደፍቶ፣ ቆሽሾ ይወጣል። ይህ የቆሸሸ ውሃ ፍሳሽ ይባላል። ፍሳሽ መሬት ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ከቤት ወጥቶ ወደ ተዘጋጀለት ጉድጓድ ይገባል። የሚገባውን ውሃ ሁላችንም እናያለን። የሚወጣውን ግን የሚያየው የለም፤ ተቀብሯልና።

በገጠር የሚበዛው የጉድጓድ መጸዳጃ ነው። እዚያ ቱቦ የለም። «ታዲያ ይህ ትምህርት ለገበሬ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ሰው ይኖራል። ይጠቅመዋል። በሀብሩ ወረዳ ማሽላና ጤፍ፣ ማንጎና ብርቱካን ሸጦ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ገበሬ መርሳ ወይም ወልድያ ከተማ የቆርቆሮ ቤት ይሠራል። ከዚያም ክፍል ክፍሉን ለተማሪና ለሠራተኛ ያከራያል። ቤት ሲከራይ ውሃ ይገባል። ውሃ ሲገባ ቱቦ ይቀበራል። ቱቦ ከተቀበረ ደግሞ አንድ ቀን መሰበሩ ወይም መደፈኑ አይቀርም።

እኔም ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። መርሳ ለማስተማር በመጣሁ ጊዜ ያረፍኩት በአንድ እንዲህ ባለ ግቢ ነበር። ባለቤቱ ገበሬ ናቸው። ግቢው ተዳፋት ላይ ነው። ከላይ ቤቱ፣ ከመሐል አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ፣ ከታች የፍሳሹ ጉድጓድ አለ። ከቤቱ እስከ ጉድጓዱ 14 ሜትር ያህል ይሆናል። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ አንዲት ጎረቤት እናት በእጅ የተቆፈረ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ አላቸው። ከተቀበረው ቱቦ እስከዚህ የውሃ ጉድጓድ 9 ሜትር ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጧት መጸዳጃ ቤቱ ውሃ አልወስድም አለ። የተደፋው ሁሉ ወደ ኋላ ተመለሰ። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን ልጅ ተቅማጥ ያዘው። እናትዮዋ መጥተው፣

«የውሃዬ ጠረን ተለውጧል። የእርስዎ ቆሻሻ ነው የገባብኝ» አሉ።

«ኧረ ይተዉ! የኔ ቱቦ በሲሚንቶ የተሠራ ነው። ምንም አይወጣውም» አሉ ባለቤቱ።

ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሊሄድ ሆነ። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ መጣ። ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ማንጎው ይቆረጥ። ከላይ እስከ ታች ይቆፈር» አለ። ይህን ጊዜ ባለቤትዮዋ ከማጀት ብቅ ብለው፣ «ማንጎውማ አይነካም! የልጆቹን ደብተር የሚገዛው ማን ሆነና!» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ቦይ መቆፈር ቀላል ነገር አይደለም። ዛፍ ያስቆርጣል። የድንጋይ ንጣፍ ያስነሳል። ቦዩ በግድግዳ ሥር ካለፈ መሠረቱን ያናጋል። መርሳ ደግሞ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚሄደው አስፋልት ግራና ቀኝ የተሠራች ከተማ ነች። ቱቦው በመንገድ ሥር የሚያልፍ ከሆነ ማንም ተነስቶ አስፋልት ሊቆርጥ አይችልም። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን የመሬት መናድ ነው። ሰው የሚያህል ጥልቀት ያለው ቦይ፣ በተለይ በክረምት፣ በተለይ በዋልካ አፈር፣ ጎኑ በእንጨት ካልተደገፈ ድንገት ይናዳል። የአንድ በርሜል ያህል አፈር ብቻ የሰውን ደረት ተጭኖ ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው። ሳይቆፈር መጠገን ይቻላል ወይ? ብዙ ጊዜ ይቻላል። ሁልጊዜ ግን አይደለም።

አስቀድሞ ቱቦ ለምን እንደሚበላሽ እንወቅ። የሲሚንቶ ወይም የሸክላ ቱቦ አንዱ ከአንዱ እየተገጣጠመ ነው የሚቀበረው። ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ሲከፈት አይታችኋል። በክረምት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ባበጠና በተኮማተረ ቁጥር ቱቦውን ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል። መጋጠሚያው ቀስ በቀስ ይከፈታል። በተከፈተው በኩል እርጥበት ይወጣል። እርጥበት ባለበት ሥር ይመጣል። የማንጎ፣ የሾላ ወይም የባሕር ዛፍ ሥር እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይገባና ውስጥ ገብቶ ይወፍራል። ከዚያ ጨርቁ፣ ቅባቱ፣ ፀጉሩ በሥሩ ላይ ይጠመጠማል። እንዲህ ሆኖ ነው ቱቦ የሚደፈነው።

የተሰነጠቀ ቱቦ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ዓለም ያወቀው በብዙ ሰው ሞት ነው። በ1854 በፈረንጆች አቆጣጠር በለንደን ከተማ ብሮድ ስትሪት በሚባል ሰፈር ኮሌራ ገባ። ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የሟቾቹን ቤት እየዞረ ጠየቀ። ብዙዎቹ ከአንድ የእጅ ፓምፕ ውሃ የቀዱ ሆነው አገኛቸው። የፓምፑ እጀታ እንዲነሳ አደረገ። በሚቀጥለው ዓመት መሬቱ ተከፍቶ ሲታይ ከውሃው ጉድጓድ አንድ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ የአንድ ቤት የፍሳሽ ጉድጓድ ተገኘ። የጡቡ ግንብ ላልቶ ፍሳሹ ወደ መጠጥ ውሃው ይሰርግ ነበር። በዚያ ቤት አንዲት ሕፃን ታማ ነበርና የሽንት ጨርቋ የታጠበበት ውሃ እዚያ ይደፋ ነበር። ከሞቱት ብዙዎቹ ቤቱንም ሕፃኗንም አያውቁም።

ይህን ታሪክ ማታ በኩራዝ ለግቢያችን ሰዎች ነገርኳቸው። የቤቱ ባለቤት ምንም አልተናገሩም። ጧት ግን ቀድመውኝ ተነሡና፣ «በል ልጄ፣ ሳይቆፈር ይታያል ያልከውን አሳየን» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። ከዚያ በፊት በእጄ ሠርቼው አላውቅም። ፍርሃቴ ሳይገባቸው አልቀረም፣ «አብሽር» አሉኝ።

በመጀመሪያ የተደፈነበትን ቦታ መፈለግ ነው። ቤቱ አጠገብ ቱቦው የሚታይበት፣ በክዳን የተዘጋ ትንሽ የመመልከቻ ጉድጓድ አለ። በዚያ በኩል ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ አስገባን። ጫፉ ቱቦውን እንዳይወጋ ቆልምመነዋል። ፌሮው ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። የቆመበትን በጣታችን ይዘን፣ ምልክት አድርገን፣ አወጣነው። ከዚያ ፌሮውን ቱቦው በሚሄድበት አቅጣጫ መሬት ላይ ዘረጋነው። 6 ሜትር ሆነ። ጫፉ ያረፈው ልክ ከማንጎው ሥር ነው! ባለቤትዮዋ ማንጎውን እንደ ሌባ ልጅ አዩት።

ሁለተኛው መጥረግ ነው። የፌሮው ጫፍ ላይ አሮጌ የማጭድ ስለት በሽቦ አጥብቀን አሰርን። ሌላ ፌሮ ቀጥለን አስረዘምነው። እያሽከረከርን ገፋን፣ ሳብን፣ ገፋን። ግማሽ ቀን ፈጀብን። በመጨረሻ የተጠራቀመው ፍሳሽ በአንድ ጊዜ ተንደርድሮ ወደ ታች ወረደ። ታች በኩል ማንም እንዳይቆም አስቀድመን ተናግረን ነበርና የተነካ ሰው የለም። እንግዲህ መንገዱ ሲከፈት አንዲት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ሲባጎ አስረን ከላይ ለቀቅናት። ሁለት ባልዲ ውሃ ስንደፋባት ሲባጎውን ይዛ ታች ወጣች። በሲባጎው ገመድ ሳብን። በገመዱ መሐል የሽቦ ብሩሽና የተጠቀለለ ቃጫ አስረን፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ጎተትነው። የወጣው ሥር አንድ ቁና ይሞላል።

አሲድ ጨምሩበት የሚል ሰው አይጠፋም። አይጨመር። በተለይ አሲድና በረኪና አይገናኙ፤ ሳንባ የሚያቃጥል መርዛም ጋዝ ይወጣቸዋል።

ሦስተኛው በመስተዋት ማየት ነው። ይህ ያረጀ ብልሃት ነው፣ ግን እስካሁን ይሠራል። ፀሐይ ሲበረታ አንድ ሰው ከላይኛው ጉድጓድ አጠገብ ቁጭ ብሎ የፀሐይዋን ብርሃን በመስተዋት ወደ ቱቦው ይልካል። ሌላው ታችኛው ጫፍ ላይ ሆኖ በሌላ መስተዋት ይመለከታል። ብርሃኑ እንደ ሙሉ ጨረቃ ክብ ሆኖ ከታየ ቱቦው ቀጥ ያለ ነው። እንደ ግማሽ ጨረቃ ከታየ መሐሉ ሰምጧል። ጭራሽ ካልታየ ተሰብሮ ወድቋል ወይም አልተጠረገም። የኛው ክብ ነበር። በግራ በኩል ግን ፀጉር የመሰለ ሥር ተንጠልጥሎ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሻማ ወይም ክብሪት አለኩሰን ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ አናስገባም። ከፍሳሽ የሚወጣው ሚቴን የሚባለው ጋዝ ይነዳል። ሌላም አለ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ከጉድጓዱ ሥር ይተኛል። ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሰውየው «ሽታው ጠፋ፣ አሁን ደህና ነው» ብሎ ሲወርድ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ወንድሙ ሊያወጣው ሲወርድ እሱም ይወድቃል። ሦስተኛው ይከተላል። በአንድ ጉድጓድ ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው። ስለዚህ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ከወደቀ ተከትሎ መግባት የለም። ጩኸት ይሰማ፣ ገመድ ይወርወር፣ እርዳታ ይጠራ። እኛም ሥራውን ሁሉ የሠራነው ከላይ ሆነን ነው። ታችኛውን ጫፍም ከጉድጓዱ ወጣ ብሎ ባለው የቱቦው መክፈቻ በኩል ነው ያየነው።

አራተኛው ነገሩን የለየው ፈተና ነው። ጭቃ የሞላ ከረጢት በጨርቅ ጠቅልለን፣ ገመድ አስረንበት፣ የቱቦውን ታችኛ ጫፍ ጥርቅም አድርገን ደፈንነው። ከላይ ውሃ ሞላንበት። በመመልከቻው ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ውሃው የደረሰበትን በከሰል አሰመርን። ቱቦው ጤነኛ ቢሆን ውሃው ባለበት ይቆማል። ሁለቱም ጎረቤታሞች ቆመው እያዩ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ውሃው ከከሰሉ መስመር አራት ጣት ወረደ።

«የት ሄደ?» አሉ ባለቤቱ።

ማንም አልመለሰላቸውም። እናትዮዋም ዝም አሉ። በኋላ ባለቤቱ ወደ አጥሩ ሄደው፣ «ይቅር ይበሉኝ፣ እውነትዎን ነው» አሉ። ሽማግሌ አላስፈለገም።

ጥገናውም የሚከተለው ነው። አሮጌው የሲሚንቶ ቱቦ ወርዱ 20 ሳንቲም ነው። በውስጡ 11 ሳንቲም ወርድ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ አስገባን። ገበያ ላይ «የመቶ አስር ቱቦ» የሚሉት ነው። 11 ሳንቲም አይጠብም ወይ? ለአንድ ግቢ አይጠብም፤ ውስጡ ልሙጥ ስለ ሆነ ፍሳሽ ቶሎ ያልፍበታል። ለማስገባት ግን አንድ ቦታ መቆፈር ግድ ሆነ። ከማንጎው ርቀን፣ ከቤቱ በኩል፣ 2 ሜትር ተኩል የሚሆን ጉድጓድ ቆፍረን የአሮጌውን ቱቦ ጀርባ ከፈትን። 14 ሜትር ከመቆፈር 2 ሜትር ተኩል ይሻላል አይደል?

ባለ 6 ሜትሩን ቱቦ ባለ 2 ሜትር አድርገን ቆረጥነው። የመጀመሪያውን ጫፍ እንደ ማረሻ አሹለን በገመዱ ላይ አሰርን። ታች ያሉት ሲስቡ ላይ ያለነው እንገፋለን። አንዱ ሲገባ ሌላውን በማያያዣና በማጣበቂያ እንቀጥላለን። ማጣበቂያው እስኪደርቅ አለመጎተት ነው። እኔ ቸኩዬ አንዱ መጋጠሚያ ተላቀቀብንና እንደገና አወጣነው። ሰባቱም ቁራጭ ሲያልቅ የሾለውን ጫፍ ቆርጠን ጣልን። ቁልቁለቱ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲም ያህል ስለ ነበር መንገዱ ደህና ነው።

በአሮጌውና በአዲሱ ቱቦ መካከል ያለው ክፍተት ባዶ መቅረት የለበትም። ታችኛውን ጫፍ በወፍራም ሲሚንቶ ደፍነን ከላይ ቀጭን የሲሚንቶ ብጥብጥ አፈሰስን። ከዚያ በፊት ግን አዲሱን ቱቦ ሁለት ጫፉን ዘግተን ውሃ ሞላነው። ለምን ቢባል፣ ባዶ ቱቦ በብጥብጡ ላይ እንደ ቅል ይንሳፈፋል። ውሃ ከሞላ መንሳፈፉ ይቀንሳል። ሲሚንቶው እስኪጠና ሦስት ቀን መጸዳጃ ቤቱ ተዘጋ። በእነዚያ ቀናት ተከራዩ ሁሉ የሄደው ወደ እናትዮዋ መጸዳጃ ቤት ነው። ፈቃዱን የሰጡት ራሳቸው ናቸው።

በሌላ አገር ሌላም ዘዴ አለ። እኛ ጎታ ሲሰነጠቅ አፍርሰን አንጥለውም፤ በውስጡ ጭቃና እበት ለቅልቀን እናድነዋለን። ኤሪክ ዉድ የሚባል እንግሊዛዊ ለቱቦ ይህን የመሰለ ነገር አሰበ። በ1971 በፈረንጆች አቆጣጠር በለንደን አንድ አሮጌ የጡብ ፍሳሽ መስመር በዚህ ዘዴ ተጠገነ። ዘዴው እንዲህ ነው። እንደ እጅጌ የተሰፋ ወፍራም ጨርቅ በሚጠነክር ሙጫ ይነከራል። ጨርቁ በውሃ ወይም በአየር ግፊት፣ ካልሲ እንደሚገለበጥ እየተገለበጠ፣ በአሮጌው ቱቦ ውስጥ ይዘረጋል። በውስጡ ሙቅ ውሃ ወይም እንፋሎት ሲገባ ሙጫው ይጠናል። በአሮጌው ቱቦ ውስጥ መጋጠሚያ የሌለው አዲስ ቱቦ ተፈጠረ ማለት ነው። ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል።

ከዚያው ከእንግሊዝ አገር በ1970ዎቹ መጨረሻ ሌላ ዘዴ ወጣ። በመጀመሪያ የተሠራበት ለጋዝ ቱቦ ነው። የሾለ ብረት በኃይለኛ መኪና በአሮጌው ቱቦ ውስጥ ይጎተታል። ማረሻ መሬት እንደሚሰነጥቅ፣ ብረቱ አሮጌውን ቱቦ እየሰባበረ ወደ ጎን ይገፋዋል። አዲሱ ቱቦ ከብረቱ ኋላ ታስሮ ይገባል። ሁለት ጉድጓድ፣ አንዱ መግቢያ አንዱ መውጫ፣ ይበቃል። ይህ መኪና ይፈልጋል። ገመድና ፌሮ ያለው ገበሬ የሚሠራው አይደለም።

ሳይቆፈር የማይሆንም አለ። መሐሉ የሰመጠ ቱቦ፣ ያ ግማሽ ጨረቃ የታየበት፣ ውስጡ ሌላ ቱቦ ቢገባ አዲሱም አብሮ ይሰምጣል፤ ቁልቁለቱ አይስተካከልም። ጭራሽ የተደረመሰም አያስገባም። ያን ጊዜም ቢሆን ፌሮው ባመለከተው ቦታ ብቻ መቆፈር ነው እንጂ ግቢውን ሁሉ ማረስ አያስፈልግም።

ቱቦው ከተጠገነ በኋላ ያንኑ የውሃ ፈተና እንደገና አደረግን። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ውሃው ከከሰሉ መስመር አልወረደም። ባለቤትዮዋ እልል አሉ።

የጎረቤታችን የውሃ ጉድጓድ ግን በዚያው ቀን ንጹሕ አልሆነም። አፈሩ ውስጥ የሰረገው እዚያው አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መጥታ ጉድጓዱን አየች፤ ክሎሪንም ተጨመረበት። ከዚያ ርቀቱን በእርምጃ ለካች። የመጠጥ ውሃ ከፍሳሽና ከመጸዳጃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ ቢቻልም ከላይ በኩል መሆን እንዳለበት ነገረችን። «ይህ 9 ሜትር ነው። ቱቦው ቢጠገንም ለመጠጥ አላምነውም» አለች። እናትዮዋ ጉድጓዱን ያስቆፈሩት ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ነበርና ነገሩ ከብዷቸው ነበር። አሁን የሚጠጡትን ከቦኖ በጀሪካን ይቀዳሉ። የጉድጓዱ ውሃ ጭቃ ለማቡካትና ወለል ለማጠብ ሆኗል። ልጁ ድኗል፤ ጀሪካኑን የሚሸከመው እሱ ነው።